ርቀትና የጉዞ ጊዜ

አንድ ሰው ወደማያውቀው አገር ለመሄድ ሲነሣ፣ «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ብሎ ይጠይቃል። በእኔ አስተያየት ግን ለመንገደኛ ይበልጥ የሚጠቅመው ጥያቄ «በምን ያህል ጊዜ ይደረሳል?» የሚለው ነው። ምክንያቱን በምሳሌ ላስረዳ።

በሰሜን ኢትዮጵያ የሚገኙትን የላሊበላንና የአክሱምን አውሮፕላን ማረፊያዎች ተመልከቱ። ሁለቱም በ39ኛው ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ አቅራቢያ ናቸው። የላሊበላው በ11 ዲግሪ ከ58 ደቂቃ፣ የአክሱሙ በ14 ዲግሪ ከ8 ደቂቃ ሰሜን ኬክሮስ ግድም ይገኛል። ልዩነታቸው 2 ዲግሪ ከ10 ደቂቃ፣ ማለትም 130 ደቂቃ ነው። ይህ ደቂቃ የጊዜ ሳይሆን የማዕዘን መለኪያ ነው። አንዱ የኬክሮስ ደቂቃ 1,852 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ርቀቱ ወደ 240 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን ይህን ርቀት በ24 ደቂቃ ይጨርሰዋል ብንል፣ ስሌቱ ልክ ቢሆንም መደምደሚያው ስሕተት ነው። አውሮፕላኑ ተነሥቶ ከፍታ እስኪይዝ፣ ኋላም ለማረፍ ሲያዘቀዝቅ ፍጥነቱ ያንሳል። መንገደኛው ለፍተሻ አስቀድሞ መገኘት አለበት። የላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያም ከከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በመኪና የሚሄድማ ተራራውንና ሸለቆውን እየዞረ ስለሚጓዝ ቀኑን ሙሉ ይደክማል።

ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃም አለ። የአክሱም አውሮፕላን ማረፊያ በ2013 ዓ.ም. በጦርነት ተጎድቶ አገልግሎቱ ተቋረጠ፤ በረራው እንደገና የተጀመረው በ2016 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዓመታት ርቀቱ አንዲት ክንድ እንኳ አልጨመረም። ሆኖም ቀድሞ በአጭር በረራ ይደረስበት የነበረው ከተማ ለመንገደኛው እጅግ ራቀ።

ይህ በአየር ጉዞ ብቻ የሚታይ አይደለም። በአርሲ የምትገኘውን የአቦምሳን ከተማ እንውሰድ። ከአቦምሳ እስከ አዳማ በካርታ ላይ ማስመሪያ አስቀምጣችሁ ብትለኩ የምታገኙት የአሞራን መንገድ እንጂ የአውቶቡስን አይደለም። በከተማዋ ዙሪያ ካለ የገጠር መንደር ምጥ የያዛት እናት ወደ ሐኪም ቤት ስትወሰድ፣ ቤተሰቧን የሚያስጨንቀው የኪሎ ሜትሩ ቁጥር ሳይሆን የሚያልፈው ሰዓት ነው። ዝናብ ያጨቀየው 10 ኪሎ ሜትር ከ50 ኪሎ ሜትር አስፋልት ይረዝማል።

«ኪሎ ሜትር አይለወጥም፤ ጊዜ ግን ይለዋወጣል፤ ስለዚህ አስተማማኙ ኪሎ ሜትር ነው» የሚሉ አይጠፉም። መንገድ ለሚሠራው መሐንዲስ ይህ እውነት ነው። ለሚጓዘው ሰው ግን ሊነገረው የሚገባው ያው የሚለዋወጠው ነገር ነው።

ስለዚህ ስለ አንድ ስፍራ ስትጽፉ ርቀቱን ብቻ ገልጻችሁ አታቁሙ። ከየት እስከ የት፣ በምን ዓይነት መጓጓዣ፣ በየትኛው ወቅት፣ በስንት ሰዓት እንደሚደረስ ጨምራችሁ አመልክቱ። ጽሑፋችሁን አምኖ መንገድ የሚጀምር ሰው ሊኖር እንደሚችል አትዘንጉ።