አሮጌ አውቶሞቢል ስለ መግዛትና ስለ ማደሻው ወጪ

ቤተ ሰብ ከቤት ቀጥሎ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣበት ነገር አውቶሞቢል መሆኑ የታወቀ ነው። የሚበዛውም ሰው የሚገዛው ሌላ ሰው ሲነዳው የኖረውን ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ ጎዳና እጅግ የበዛው አሮጌው ቶዮታ ኮሮላ ምን ምን እንደሚበላሽበት፣ ማደሻውም በቤት ወጪ ላይ የቱን ያህል እንደሚከብድ ጥቂት ለመጻፍ ወደድን።

አስቀድሞ የዋጋው ነገር ይነገር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ አውቶሞቢሎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መለዋወጫው ከባሕር ማዶ የሚመጣ በመሆኑ ዋጋው ከምንዛሪው ጋር ወጣ። ስለዚህ ወጪውን በብር ቆጥረን ከምንጽፍ አንዱን ከሌላው ጋር እያመዛዘንን ብንናገር ይሻላል።

ከሁሉ የሚብሰው ጠላት ሙቀት ነው። ውኃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ውኃውን ወደ ራዲያተር የሚለቀው ቴርሞስታት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተው በ82 ዲግሪ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ጠባብ ስፍራ የሚሰፋው በራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ክዳኑ ግፊቱን አምቆ ስለሚይዝ ውኃው ከ110 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይፈላም። የክዳኑ ጎማ ሲደርቅ ግፊቱ ያመልጣል፤ አውቶሞቢሉም ዳገት ላይ ይፈላል። ክዳንና ቴርሞስታት ሁለቱም ርካሽ ናቸው። ይህ ቸል ተብሎ ሞተሩ ደጋግሞ ከፈላ ግን ቴስታታው ይጣመማል፤ ጓርኒሲዮኑም ይቃጠላል። ያን ጊዜ ቴስታታው ወርዶ በቶርኖ ቤት ይላጋል፤ አዲስ ጓርኒሲዮን፣ አዲስ ዘይትና የእጅ ዋጋ ይጨመርበታል፤ ቤተ ሰቡም የወራት ቁጠባውን በአንድ ቀን ይከፍላል።

አንዳንድ ሠራተኞች አውቶሞቢሉ በፈላ ቍጥር ቴርሞስታቱን አውልቀው ይጥላሉ። እኛ ይህን ሕክምና አንለውም፤ ሞተሩ ሳይሞቅ እየሠራ ቤንዚን ያበዛል፣ ውስጡም ቶሎ ይበላል። በራዲያተሩ ውስጥ የቧንቧ ውኃ ብቻ መጨመርም ዝገትን ይጠራል።

ሁለተኛው ዘይት የመብላት ደዌ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የወጣው ኮሮላ ሞተሩ ባለ 1.8 ሊትሩ 1ዜድዜድ እንደ ሆነ፣ የመጀመሪያዎቹ ፒስተኖች ዘይት የሚመለስባቸው ቀዳዳዎች ጥቂትና ጠባብ ነበሩ። ቀዳዳዎቹ ሲደፈኑ ፋሻዎቹ ይያዛሉ፤ ዘይቱም ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል። ይህ ሞተር የሚይዘው ዘይት 3.7 ሊትር ብቻ ስለ ሆነ ባለቤቱ ሳያውቀው በቶሎ ይጎድላል። መድኃኒቱ ሞተር አውርዶ ፋሻና ፒስተን መለወጥ ነው፤ ይህም ከቴስታታው ሥራ ይልቅ ይከብዳል።

እንግዲህ ገዢው በማለዳ፣ ሞተሩ ሳይነሣ ይሂድ። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ከጠበቀ በሌላ ቀን ይመለስ። የዘይቱን ክዳን ከፍቶ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ካገኘ ውኃና ዘይት ሳይቀላቀሉ አልቀሩም። ሞተሩ ሲነሣ ሰማያዊ ጢስ የሚቃጠል ዘይት ነው፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ጢስ የጓርኒሲዮን ምልክት ነው። የኪሎሜትሩን ቆጣሪ አይመን፤ ቆጣሪ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ያለቀ የፍሬን መርገጫ ጎማ ግን አይዋሽም። በዕድሜ የገፉትና በሰንሰለት ፈንታ ቺንጊያ ያላቸው ሞተሮች፣ ቺንጊያው በየ100,000 ኪሎሜትር ካልተለወጠ መንገድ ላይ ያስቀራሉ።

ስለ ፍሬን ግን ዋጋ ማመዛዘን አይገባም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ ሰው ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት ይጠብቀዋል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ፣ ሲያረጅ በሙቀት ይፈላል፤ መርገጫውም ያለ ኃይል ወለል ይነካል። ልጆቹን አሳፍሮ የሚወርድ አባት ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ያስለውጥ፤ ቁልቁለቱንም በከባድ ማርሽ ይውረድ።

በጽሕፈት ሥራችን እንደምናየው፣ በብዙ የሽያጭ ውል «አይቼና ወድጄ ገዛሁ» የሚል ቃል ይገባል፤ ገዢውም ሳያነብ ይፈርማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩን ስለ ዕቃው ጉድለት ኃላፊ ያደርገዋል፤ ነገር ግን ገዢው ዕቃውን ሳይዘገይ እንዲመረምርና ያገኘውንም ጉድለት ወዲያው ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ስለዚህ አውቶሞቢሉ በተረከቡት ሰሞን ጋራዥ ይታይ፤ የሠራተኛውም ቃል ቀን ተጽፎበት በወረቀት ይያዝ። የሞተሩና የሻንሲው ቍጥር ከሊብሬው ጋር መስማማቱ ግን ገንዘብ ሳይቈጠር በፊት የሚታይ ነው።