ሙቀት የሸፈነው ብልሽት
ጅቡቲ ከተማ ካርቲየ 3 የሚያድር የናፍጣ መኪና የማሞቂያ ካንዴላው ቢቃጠልም ጠዋት አብዛኛውን ጊዜ አያስቸግርም፤ በጥር እንኳ የሌሊቱ ሙቀት ከ20 ዲግሪ በታች እምብዛም ስለማይወርድ ሞተሩ አየሩን በማመቅ ብቻ ናፍጣውን ያቀጣጥላል። ጣጣው የሚመጣው ያው መኪና በጋላፊና በሚሌ አልፎ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ሲያድር ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የቀዘቀዘው የሞተር ብረት የታመቀውን አየር ሙቀት ይሻማዋል፤ በሰከንዶች ውስጥ ከ800 ዲግሪ በላይ የሚግለው ካንዴላ ካልደረሰለት ሞተሩ ነጭ ጭስ እየተፋ ባትሪውን ይጨርሳል። ቆላ የለመደ ሾፌር ግን በዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ባለጥቅልል ሽቦ ምልክት ቢጫ መብራት እስክትጠፋ አይጠብቅም፤ ቁልፉን በአንዴ እስከ መጨረሻው ያዞራል። መብራቷም ብቻዋን ዋስትና አይደለችም፤ በብዙ አሮጌ መኪኖች የምትታዘዘው በሰዓት ቆጣሪ ስለሆነ ካንዴላዎቹ ሁሉ ቢቃጠሉም በርታ ትጠፋለች። ከሁሉ የከፋው ሞተሩ አልነሣ ሲል ኤተር መርጨት ነው፤ የጋለ ካንዴላ ካገኘው በአየር ማስገቢያው ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል። ወደ ደጋ የምትወጡ አሽከርካሪዎች ሆይ፣ ገና ካርቲየ 3 ሳላችሁ ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ በቴስተር አስለኩ፤ አንዱ እንኳ ከተቃጠለ ሳትቀይሩ አትነሡ።