ቁልፉን የተጫነው ማን ነው?

ዛሬ የምንጽፈው ስለ ቪዲዮ ጌም ነው። «ይሄ ደግሞ ከወንጌል ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ እንደምትኖሩ እናውቃለን፤ እኛም እስከ ባለፈው ክረምት ድረስ እንዲሁ እንል ነበር።

አንበሳሜን ለማታውቋት፣ በደቡብ ጎንደር የደራ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከባሕር ዳር ብዙም አትርቅም። እዚህ ፕሌይስቴሽን ሲባል ኳስ ማለት ነው። ልጆች በጨዋታ እየከፈሉ ይገጥማሉ፤ ረጅም ታሪክ ያለው ጌም ሰዓት ስለሚበላ ማንም አይከፍተውም። ክረምት ላይ ግን ባሕር ዳር የሚማር አንድ ወንድማችን የራሱን ፕሌይስቴሽን ይዞ መጣ። ከወጣቶች ኅብረት በኋላ እሱ ቤት እየተሰበሰብን አንድ ጌም በየተራ መጫወት ጀመርን። እርሱ ቀድሞ ጨርሶት ስለነበር ዝም ብሎ ያየን ነበር።

ጌሙ «ዘ ላስት ኦቭ አስ ፓርት ቱ» ይባላል። ኖቲ ዶግ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት የሠራው ሲሆን የወጣው በሰኔ 2012 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ብቻ ከ4 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ደም የበዛበት፣ ለአዋቂ ብቻ የተሠራ ጌም ነው፤ ለልጆቻችሁ እንድትገዙ ብለን እንዳልጻፍን ከወዲሁ ይታወቅልን።

ታሪኩ የሚጀምረው በ2005 ዓ.ም. ከወጣው የመጀመሪያ ክፍል ነው። ወረርሽኝ ዓለምን ካፈረሰ በኋላ ጆኤል የሚባል ሰው በሽታው የማይዛትን ኤሊ የተባለች ልጅ ይዞ አሜሪካን ያቋርጣል። መጨረሻ ላይ ሐኪሞች ከእርሷ መድኃኒት ለማውጣት ሕይወቷን ሊያሳልፉ ሲሉ ሆስፒታሉን ጥሶ ይገባና ያወጣታል። ቀዶ ጥገና ክፍሉ ውስጥ አንድ ሐኪም ፊቱ ይቆማል። ተጫዋቹ ያን ሐኪም ሳይገድል መቀጠል አይችልም። ሚሊዮኖች ገደሉት፤ ስሙን የጠየቀ ብዙ አልነበረም። ከ7 ዓመት በኋላ በሁለተኛው ክፍል የዚያ ሐኪም ልጅ አቢ መጣች፤ ጆኤልንም ኤሊ ዓይኗ እያየ ቀጥቅጣ ገደለችው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ኤሊ ደሟን ልትመልስ ትነሣለች፤ ተጫዋቹም አብሯት እየገደለ ይሄዳል። ግማሽ ላይ ሲደርስ ግን ጌሙ ኤሊን ይወስድበትና አቢን ያስይዘዋል። የጠላትን ሰው ሆኖ ይበላል፣ ይሮጣል፣ አባቷን ያውቃል። ቀደም ሲል በኤሊ እጅ የገደላቸውን ጓደኞቿን በሕይወት ያገኛቸዋል፤ የገደላት ውሻ ሳትቀር ጭራዋን እየቆላች ትመጣለች። በእኛ አገር ቋንቋ ብንናገረው፣ የደመኛህ ለቅሶ ቤት ገብተህ ተቀመጥ እንደ መባል ነው።

ስለዚህ ጌም ዓለም ለሁለት ተከፈለ። ተቺዎች ከ100 ከ90 በላይ ሰጡት፤ የዓመቱን ምርጥ ጌም ሽልማትም ወሰደ። በሌላ በኩል በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ዜሮ ሰጡት። ጌሙ ለመጨረስ ከ20 ሰዓት በላይ የሚፈጅ ሆኖ ሳለ፣ በወጣ በሰዓታት ውስጥ የፈረዱት ጥቂት አልነበሩም። የአቢን ድምፅ የሰጠችው ተዋናይት ሎራ ቤይሊ የግድያ ዛቻ ደረሳት፤ መልእክቶቹን ራሷ ለሕዝብ አሳየች። የበቀልን መራራነት የሚያሳይ ታሪክ አይተው፣ የአቢን ድምፅ በሰጠች ሴት ላይ ደም ሊመልሱ ፎከሩ!

ከዛቾቹ አልፈን የተቀየሙትን ሰዎች ክርክር ብንሰማ ግን ቁም ነገር አለው። የሚሉት ይህን ነው፦ ምርጫ አልሰጣችሁንም፤ ያልፈለግነውን ግድያ እንድንፈጽም አስገደዳችሁን፣ ቀጥሎም እንደ ጥፋተኛ አያችሁን። ምርጫ መስጠት ደግሞ አይቻልም እንዳይባል፣ በ2008 ዓ.ም. ቶቢ ፎክስ የተባለ ሰው የሠራውን «አንደርቴል» የተባለውን ጌም ተጫዋች ከፈለገ ማንንም ሳይገድል ሊጨርሰው ይችላል።

እኛ በዚህ ነገር ግማሽ መንገድ ከእነርሱ ጋር ነን። ግድያው ላይ ምርጫ አለመኖሩ አይገርመንም፤ በቀል ሲባል እንዲያ ነውና። በአካባቢያችን አባቱ የተገደለበት ልጅ ገና ጡት ሳይተው ደመኛው ማን እንደሆነ ይነገረዋል። ሲያድግ በሠርግ ቤት ቀረርቶና ፉከራ ሲሰማ ዓይኖች ወደ እርሱ ይዞራሉ። ጠመንጃውን ከማንሣቱ በፊት ብዙ ሰው እጁን ይዞ ወደ ምላጩ ይመራዋል። ጌሙ «ይህን ተጫን፣ አለዚያ አታልፍም» ሲል ያሳየን ይህንኑ ነው። የማንስማማው መጨረሻው ላይ ነው፤ ወደዚያ እንመጣለን።

በአንዱ ማታ ታሪኩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ኤሊ አቢን ባሕር ዳርቻ ላይ አገኘቻት። ውኃ ውስጥ ደፍቃታለች። ስክሪኑ ላይ የካሬው ምልክት ወጣ፤ ደጋግመህ ተጫን ይላል። ጆይስቲኩን የያዘው ወንድም ተጫነ። ተጫነ። መብራት ጠፋ።

በጨለማው ውስጥ ክርክር ተነሣ። ግማሹ «ትልቀቃት!» ይላል፤ ግማሹ «ይሄን ሁሉ መንገድ መጥታ?» ይላል። ከመካከላችን አንዱ ብቻ ዝም ብሎ ነበር። አባቱ ከጥቂት ዓመታት በፊት በእርሻ ድንበር ጠብ የተገደለበት ነው። (ይህን የምንጽፈው አስፈቅደነው ነው፤ ስሙንና ቀበሌውን ትተናል።) ጫጫታው በረድ ሲል «እኔ ብሆን አልለቅም» አለ። ማንም መልስ አልሰጠውም። ስለ ይቅርታ በቃላችን የምናውቀው ጥቅስ ብዙ ነው፤ ያን ማታ ግን አንዱም ከአፋችን አልወጣም።

ቆይቶ እንዲህ አለን፦ «ይቅር ካልሁ ዘመዶቼ ‹ጴንጤ ሆኖ የአባቱን ደም ሸጠ› ይሉኛል። ካላልሁ እናንተ ‹ይሄ ምን ዓይነት አማኝ ነው› ትሉኛላችሁ። የኔ ምርጫ የቱ ጋ ነው?»

ወገኖች፣ ይህ ጥያቄ የወጋን በምክንያት ነው። ልጁ ጌታን በተቀበለ በመጀመሪያው ወር፣ በኅብረታችን ፊት አቁመነው «ይቅር ብያለሁ» እንዲል አድርገን ጸልየንለት ነበር። አልቅሰን፣ እልል ብለን፣ ምስክርነት አድርገን ተናግረነዋል። ያን ቀን ቁልፉን የተጫንነው እኛ ነበርን። እርሱ አፉን ብቻ ነው ያዋሰን።

ጥንት በአገራችን ፍርድ፣ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ፣ ነፍስ ያጠፋ ሰው ከተፈረደበት በኋላ ለሟች ዘመዶች ተላልፎ ይሰጥ ነበር። መግደልም፣ የደም ካሳ ተቀብሎ መማርም በእጃቸው ነበር። ካህናትና ሽማግሌዎች እግራቸው ላይ ወድቀው ይለምኗቸዋል፤ ቃሉ መውጣት ያለበት ግን ከእነርሱ አፍ ነበር። ያ ሥርዓት ይመለስ አንልም፤ እግዚአብሔር ይጠብቀን። ነገር ግን ደም አድራቂ ሽማግሌዎች ዛሬም ሦስት አራት ጊዜ ተመላልሰው ደጅ የሚጠኑት፣ ከተበዳዩ አፍ ያልወጣ እርቅ ክረምት እንደማይሻገር ስለሚያውቁ ነው። እኛ ሦስት ጊዜ መመላለስ ያለበትን ነገር በአንድ የእሑድ ጸሎት ልንጨርስ ቸኮልን።

መጽሐፍ ቅዱሳችንም ዳዊትን ሲያሳየን አይቸኩልም። በ1ኛ ሳሙኤል 24 ላይ ሳኦል ራሱ ዳዊት የተደበቀበት ዋሻ ይገባል። ሰዎቹ «እግዚአብሔር ሰጠህ» እያሉ ይገፉታል፤ ሰይፉም እጁ ላይ ነው። የልብሱን ጫፍ ቆርጦ ይተወዋል፤ ለዚያች ቁራጭ እንኳ ልቡ ይመታዋል። አንድ ምዕራፍ ሳያልፍ ያው ዳዊት ናባል ምግብ ስለከለከለውና ስለሰደበው የቤቱን ወንድ ሁሉ ሊፈጅ 400 ሰው አስታጥቆ ይወጣል። ንጉሥ የማረ ሰው! አቢግያ መንገድ ላይ ወድቃ ባትለምነው ኖሮ ያደርገው ነበር። ጌታችንም ሊይዙት በመጡ ጊዜ አባቱን ቢለምን ከ12 ጭፍራ የሚበልጡ መላእክት እንደሚሰድለት ተናግሯል። ቁልፉ እጁ ላይ ነበር፤ ሕይወቱን በገዛ ፈቃዱ ሰጠ እንጂ ማንም አልነጠቀውም።

መብራት በሁለተኛው ቀን መጣ። እንደገና ገብተን እስከዚያ ደረስን፤ ኤሊ ለቀቀቻት። ከእኛ አንዳንዱ አጨበጨበ። ልጁ ግን «እኔ እየተጫንሁ ነው እኮ የለቀቀቻት! ማን ጠየቀኝ?» አለ። መጨረሻው ላይ የማንስማማው እዚህ ጋ ነው። ግድያውን በእኛ እጅ አሠርቶ ምሕረቱን በሌላ እጅ መሥራት ተገቢ አልነበረም። አንድ ጊዜ እንኳ «አሁን ተው፣ ከፈለግህ» ቢለን፣ አንዳንዶቻችን እንዳንለቃት እናውቃለን። ቢሆንም ውሳኔው የእኛ ይሆን ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን አንድ ትዕይንት አለ። ኤሊ በትግሉ ሁለት ጣቶቿን አጥታ ባዶ ቤት ትመለሳለች፤ ጆኤል ያስተማራትን ጊታር ለመጫወት ትሞክራለች፣ ጣቷ አይደርስም። ከመሞቱ በፊት የነበረው ማታ ትዝ ይላታል። ሆስፒታሉ ውስጥ ያደረገውን ይቅር ልትለው እንደምትችል አታውቅም፤ መሞከር ግን እንደምትፈልግ ነግራዋለች። ልጁ ይሄን ሲያይ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። ወደ ቤት ስንሄድ «መሞከርን ቢሆን እችላለሁ» አለን፤ ሌላ አልጨመረም።

ሽማግሌዎቹ ከመስቀል በኋላ ለአራተኛ ጊዜ ይመጣሉ። እናቱም አጎቶቹም ይኖራሉ፤ ካህኑም መስቀላቸውን ይዘው ይመጣሉ። ልጁ ከእኛ ሁለት ሰው አብሮት እንዲቀመጥ ጠይቆናል፤ አንድ ቃል እንዳንናገርለትም አስጠንቅቆናል። እሺ ብለናል።