«ተመልካቹ» ማን ነው?

በኳንተም ፊዚክስ «ተመልካች እስኪያየው ድረስ ነገሩ አይወሰንም» ሲባል ሰምተን ይሆናል። ከዚህ ተነሥተው «ዓለምን የሚፈጥራት ሐሳባችን ነው፤ የተመኘነውን ሁሉ እናገኛለን» የሚሉ አሉ። ወጣቶቻችንም በዚህ አባባል ሲወናበዱ እናያለን። ለመሆኑ ይህ ተመልካች ማን ነው?

በ2004 (እ.ኤ.አ.) በቪየና ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ሙከራ መልስ ይሰጠናል። ሊቃውንቱ እያንዳንዳቸው 70 የካርቦን አተሞች የያዙ ሞለኪውሎችን በእጅግ ጠባብ ስንጥቆች አሳለፉ። በየትኛው ስንጥቅ እንዳለፈ የሚጠቁም ነገር ከሌለ፣ ሞለኪውሉ እንደ ሞገድ ይሆንና ከስንጥቆቹ ማዶ ዥንጉርጉር መስመሮች ይታያሉ። ቀጥሎ ሞለኪውሎቹን በሌዘር አጋሏቸው። ግለቱ በጨመረ ቁጥር መስመሮቹ ደበዘዙ፤ በመጨረሻም ጠፉ። ምክንያቱም የጋለ ሞለኪውል እንደ ጋለ ብረት ብርሃን ይረጫል፤ ያ ብርሃን ደግሞ መንገዱን ያጋልጣል። ብርሃኑን ያየ የሰው ዓይን ግን አልነበረም።

እንግዲህ በኳንተም «መታየት» ማለት ዱካ መተው እንጂ በሰው መታሰብ አይደለም። ከብዙ ዕድሎች አንዱ ብቻ ለምን እንደሚከሰት ሊቃውንቱን ዛሬም ያከራክራቸዋል። ይህን ክፍተት በምኞት አንሙላው። ፈተና የደረሰበት ልጃችንም ከመመኘት ይልቅ ደብተሩን ይግለጥ።