በባሕር ታመው የተኙት፣ ተመልሰው መርከብ ሠሩ

ወጣቱ ሆይ! «ሀገሬን እወዳለሁ» የምትል ሁሉ ይህችን ታሪክ እስከ መጨረሻዋ አንብባት። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1853 የአሜሪካው ኮሞዶር ፔሪ ጥቁር ጭስ የሚተፉ የጦር መርከቦቹን ይዞ የዛሬዋ ቶኪዮ ደጃፍ ላይ ቆመ። «በራችሁን ክፈቱ» አለ። ከ200 ዓመት በላይ በሯን ዘግታ የኖረችው ጃፓን አንድም የእንፋሎት የጦር መርከብ አልነበራትም።

ታዲያ ምን አደረጉ? የጥንት ጀግኖቻቸውን ስም እየጠሩ በመፎከር ብቻ አልቀሩም። በ1855 ናጋሳኪ ላይ የባሕር ኃይል ማሠልጠኛ ከፈቱ፤ አስተማሪዎቹ ሆላንዶች ነበሩ። መርከብም እዚያው ሆላንድ አሠሩ። በ1857 ደረሰችላቸው፤ ስሟ ካንሪን ማሩ። ባለ ሦስት ምሰሶ፣ በሸራም በእንፋሎትም የምትሄድ፣ የሞተሯ ጉልበት 100 የፈረስ ጉልበት ነበር።

በ1860 መጀመሪያ ላይ ይህች መርከብ በካትሱ ካይሹ አዛዥነት ፓሲፊክን ልታቋርጥ ተነሣች። ከ37 ቀን በኋላ ሳን ፍራንሲስኮ ገባች።

እዚህ ላይ ብናቆም «ዋው!» ብላችሁ ሼር ታደርጉ ነበር። ዋናው ነገር ግን ገና ነው።

መንገድ ላይ ማዕበሉ በረታ። አብዛኛው ጃፓናዊ መርከበኛ ታሞ ተኛ፤ ካትሱ ራሱ ብዙውን ቀን ከአልጋው አልተነሣም። ሸራውን የያዙት፣ ሌሊቱን የጠበቁት በአብዛኛው አብረዋቸው የተሳፈሩት አሜሪካዊው ሌተና ጆን ብሩክና ልምድ ያላቸው መርከበኞቹ ነበሩ። በዚያው መርከብ የተጓዘው ዝነኛው ፉኩዛዋ ዩኪቺ ግን በኋላ የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍ፣ ያለ ውጭ ባለሙያ ዕርዳታ ተሻገርን አለ። ብሩክ በማስታወሻው የመዘገበው እውነት ለብዙ አሥርት ዓመታት ሳይታተም ቆየ።

እንግዲህ ጠላት «አየህ፣ ውሸታም ናቸው» ይላል። እኛ ግን ሌላ ነገር እንይ።

እነዚያ የታመሙት ሰዎች ዝም ብለው አልተኙም፤ እያዩ ተማሩ። ሲመለሱ የመርከቧን ሥራ በአብዛኛው የሠሩት ራሳቸው ናቸው። የመርከቧ አቅጣጫ መሪ የነበረው ኦኖ ቶሞጎሮና የሞተር ኃላፊው ሂዳ ሃማጎሮ ሀገራቸው ገብተው ጃፓን ውስጥ በተሠራችው የእንፋሎት የጦር መርከብ በቺዮዳጋታ ንድፍ ላይ ሠሩ። ቺዮዳጋታ በ1863 ባሕር ላይ ወረደች። ፔሪ ከመጣ ልክ አሥር ዓመት!

ካንሪን ማሩ በ1871 ሆካይዶ ጠረፍ ላይ ተሰብራ ሰመጠች። ዕውቀቱ ግን ከሰዎቹ ጋር ቀርቷል።

ይህን የእኛም አባቶች አይተውታል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ጃፓን ሄደው ተመልሰው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚል መጽሐፍ ጻፉ። የዚያው ዓመት ሕገ መንግሥታችንም የጃፓንን አርአያ ተከትሎ ነው የወጣው። ማየቱን አይተናል። የጎደለን የሂዳ ሃማጎሮ ዓይነት እጅ ነው።

ስለዚህ ወገን፣ ከሌላ መማር ውርደት አይደለም። ውርደቱ ያስተማረህን ሰው መደበቅ ነው፤ ከዚያም የባሰው ተምሮ አለመሥራት ነው። በኮሜንት ፉከራ የተሻገረ ባሕር የለም።

ዛሬ አንድ ሙያ ምረጡ፦ ብየዳም ይሁን ኮዲንግ፣ ሞተርም ይሁን ሕክምና። ከሚያውቀው ሰው፣ ከየትም ይምጣ፣ ተማሩ። ከዚያ ለሀገራችሁ ሥሩበት።

ኩራት በሥራ ይገለጣል!