አማካዩ ስማዳ አልደረሰም

የእናቶች ሞት በኢትዮጵያ ከዓለም አማካይ በታች ወርዷል የሚለው ንግግር እየተለመደ መጥቷል። ቁጥሩ ይኸው ነው፦ ለ100 ሺህ በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት ሲሰላ በዓለም 197 እናቶች ይሞታሉ፣ በኢትዮጵያ 195። ምንጩ የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም. ይፋ ያደረጉት ግምት ነው። ከሰሐራ በታች ላሉ ሀገራት የተሰጠው አማካይ 454 መሆኑ ሲታከልበት፣ ጥያቄ ማንሳት የሀገርን ስኬት ማጣጣል ሊመስል ይችላል። ቢመስልም ጥያቄ አለኝ። በደቡብ ጎንደር ከደብረ ታቦር ተነስቶ ወደ ጋይንትና ወደ ስማዳ ለሚያይ ሰው ይህን ንጽጽር ዝም ብሎ መዋጥ አይቻልም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላጥራ። 195 የፈጠራ ቁጥር ነው አላልኩም። ያሰሉት ሰዎች ዘዴያቸውን በግልጽ ጽፈዋል፤ ግምታቸውንም ከነታችኛውና ከነላይኛው ወሰኑ አስቀምጠዋል። የሚያስቆጣኝ እነሱ በጥንቃቄ የጻፉትን እኛ ጥንቃቄውን ገፍፈን የመሥሪያ ቤት አፈጻጸም ውጤት አድርገን ማቅረባችን ነው።

በተለመደው አባባል እንጀምር። የእናቶች ሞት በ2017 ከነበረበት 401 በ2020 ወደ 267፣ በ2023 ደግሞ ወደ 195 ወረደ ይባላል፤ በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ያልተከተላቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሦስቱ ቁጥሮች ግን ከሦስት የተለያዩ ሪፖርቶች የተለቀሙ ናቸው። 401 በ2019 ከወጣው፣ 267 በ2023 ከወጣው፣ 195 በ2025 ከወጣው። አዲስ ሪፖርት በወጣ ቁጥር ያለፉት ዓመታት እንደገና ይሰላሉ፤ አዲስ መረጃ ይገባል፣ ቀመሩ ይሻሻላል፣ የቀድሞው ግምት ይሻራል። ከቀድሞ እትም ጋር እንዳያወዳድሩን ብለው ሪፖርቶቹ ራሳቸው ያስጠነቅቃሉ። ስለዚህ ከ401 ላይ 267 ተቀንሶ የሚቀረው 134 በሙሉ የዳኑ እናቶችን አያሳይም። ከፊሉ በእርግጥ የዳኑ እናቶች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ከፊሉ የስሌት ለውጥ ነው። ሁለቱን ሳይለዩ ሦስቱን ቁጥሮች በአንድ መስመር ደርድሮ "ወረደ" ማለት፣ ሪፖርቱ አታድርጉ ያለውን ማድረግ ነው።

ወደ ቆጠራው እንለፍ። በኢትዮጵያ ስለ እናቶች ሞት ቤት ለቤት እየዞሩ በቀጥታ የጠየቁት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች ናቸው። ጠያቂዋ አንዲትን ሴት አስቀምጣ ስለ እናቷ ልጆች ትጠይቃታለች፤ ስንት እህት ነበረሽ? የሞተች አለች? የሞተችው ነፍሰ ጡር ሳለች ነው፣ በምጥ ነው፣ ወይስ በአራስነቷ? በዚህ መንገድ በ2000 የተገኘው ውጤት 871 ነበር። በ2005 673፣ በ2011 676፣ በ2016 ደግሞ 412 ሆነ። ከ2005 እስከ 2011 ምንም ፈቀቅ እንዳላለ ልብ ይሏል። የ2016ቱም 412 እውነተኛው ልክ ከ273 እስከ 551 ባለው መካከል ሊሆን እንደሚችል ተጽፎበታል። 195 በተሰላበት ጊዜ ይህን ጥያቄ ጠይቆ ውጤቱን ያሳተመ የመጨረሻው ሀገር አቀፍ ጥናት ይኸው የ2016ቱ ነበር። በ2019 የተካሄደው አነስተኛ ጥናት ስለ እናቶች ሞት አልጠየቀም።

አሁን ስሌቱን ተመልከቱት። ከ871 ወደ 412 ለመውረድ 16 ዓመት ፈጅቷል፤ ቅናሹ 53 በመቶ ገደማ ነው። ከ412 ወደ 195 ሲወረድም ቅናሹ ያው 53 በመቶ ገደማ ነው፤ ይህኛው ግን በ7 ዓመት ተፈጸመ ልንል ነው። ለንጽጽሩ ደጋፊዎች ሚዛናዊ ለመሆን ያህል፣ ጥናቱ ያለፉትን ሰባት ዓመታት ስለሚያጠቃልል 412ን የ2016 ሳይሆን የ2012 ወይም የ2013 ቁጥር አድርጎ መውሰድም ይቻላል። እሺ፣ አሥር ዓመት ገደማ ይሁን። የትኞቹ አሥር ዓመታት? ኮሮና የገባባቸው፣ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት የነደደባቸው፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ ንፋስ መውጫ ተይዛ ሆስፒታሏ የተዘረፈባቸው፣ ደብረ ታቦርም በከባድ መሣሪያ የተመታችባቸው ዓመታት ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ ደግሞ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን እዚህ የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል። አንጻራዊ ሰላም በነበረበት ዘመን 16 ዓመት የጠየቀው ቅናሽ በእነዚህ ዓመታት በፈጠነ ግስጋሴ መጣ የሚል ሰው ማስረጃውን ማምጣት ያለበት እሱ ነው።

ማስረጃ ተብሎ የሚቀርበው የቀመሩ ውጤት ነው። ሞት በወጉ በማይመዘገብባቸው ሀገራት የተባበሩት መንግሥታት ግምት የቀድሞ ጥናቶችን መነሻ አድርጎ፣ በመካከልና ከዚያ በኋላ ያለውን ክፍተት በሦስት ነገሮች እየተመራ ይሞላል፦ በነፍስ ወከፍ ገቢ፣ በወሊድ መጠንና በሠለጠነ ባለሙያ ረዳትነት በወለዱ እናቶች ድርሻ። ገቢ ካደገ፣ ወሊድ ከቀነሰ፣ በባለሙያ መውለድ ከበዛ ሞት ቀንሷል ብሎ ይገምታል። በብዙ ሀገራት የታየው ይኸው ስለሆነ ግምቱ ምክንያታዊ ነው። ሆኖም ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት የሚወስደው መንገድ የተዘጋበት ሳምንት በዚህ ስሌት ውስጥ የሚገባበት በር የለም። የአዲስ አበባ ግንባታ የነፍስ ወከፍ ገቢውን ከፍ ሲያደርገው፣ በቀመሩ መሠረት የጉና በጌምድር ነፍሰ ጡርም አብራ የተሻለ ዕድል አገኘች ማለት ነው።

በባለሙያ መውለድ የሚባለው ምን እንደሚይዝና ምን እንደማይዝ ደግሞ እዚሁ ቀርበን እንየው። ወደ በሽሎና ወደ አባይ ሸለቆ በሚወርዱት የስማዳ ቀበሌዎች ምጥ የጠናባት ሴት ከቆላ ወደ መንገድ የምትወጣው በቃሬዛ ነው። ሁለት የባሕር ዛፍ አጠና፣ በመሐሉ የተወጠረ ገመድ፣ ከላይ ጋቢ። አራት ሰው ይሸከማል፣ ሌሎች ለመቀየር ከኋላ ይከተላሉ፤ ሴቶቹ "ማርያም፣ ማርያም" እያሉ አብረው ይሄዳሉ። ጤና ጣቢያ ከደረሰች አዋላጇ ትቀበላታለች፣ ሕፃኑ ይወለዳል፣ የእናትየዋ ስም በወሊድ መዝገቡ ላይ ይሰፍራል። በሠለጠነ ባለሙያ ወልዳለች፤ ለስሌቱ የሚያስፈልገው እዚህ ድረስ ያለው ብቻ ነው።

የእንግዴ ልጁ አልወጣ ብሎ ደም መፍሰስ ሲጀምር ግን ጉዳዩ ገና መጀመሩ ነው። ማህፀኑን የሚያኮማትረው ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ካልተቀመጠ ኃይሉን ያጣል፤ መብራት ለቀናት በሚጠፋበት ጤና ጣቢያ በብልቃጡ ውስጥ ያለው መድኃኒት ይሥራ አይሥራ አዋላጇ ማረጋገጫ የላትም። ደም መስጠትና ቀዶ ጥገና ካስፈለገ ሪፈር ይጻፋል፤ ወደ ንፋስ መውጫ ወይም ወደ ደብረ ታቦር። አምቡላንሱ ነዳጅ ከኖረው፣ ኬላው ካሳለፈው፣ ሰዓት እላፊው ካልደረሰበት፣ ሾፌሩ በሌሊት ከተነሳ ይደረሳል። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። የጤና ባለሙያዎች ስለ ሦስቱ መዘግየቶች ያስተምራሉ፤ ለመወሰን መዘግየት፣ ለመድረስ መዘግየት፣ ከደረሱ በኋላ አገልግሎት ለማግኘት መዘግየት። ለዓመታት ትልቁ ትግል ከመጀመሪያው ጋር ነበር፤ ቤቴ ልውለድ የምትለዋን እናት ማሳመን። ያ ትግል ብዙ ተሳክቶ እናቲቱ ጤና ጣቢያ እወልዳለሁ ብላ ስትወስን፣ መንገዱ ተዘጋባት።

የተሳካውን ስናገር ከልቤ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በእግራቸው ተዘዋውረው የቀየሩት ነገር ከየትኛውም አማካይ ይበልጣል። በ2016 በባለሙያ የወለዱት እናቶች 28 በመቶ ነበሩ፤ በ2019 ወደ 50 በመቶ ደረሱ። ነዋሪው እህልና ቅቤ አዋጥቶ በየጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ አቋቋመ፤ ቀኗ የደረሰ ሴት ከሩቅ ቀበሌ መጥታ እዚያ ትቆያለች፣ ገንፎ ይገነፋላታል፣ ቡና ይፈላላታል፣ ምጧ ሲመጣ አዋላጇ ከጎኗ ናት። ይህ እውነተኛ ሥራ ነው። የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው፤ ይህን የሠሩ ሰዎች ድካማቸው የሚለካው እነሱ ያሉበትን ሁኔታ በማያይ ቁጥር ነው። ግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በደመወዛቸው መኖር አልቻልንም ብለው ሥራ ሲያቆሙ በርካቶች ታሰሩ። ከዓለም አማካይ ጋር የተደረገው ንጽጽር የእነሱን ደመወዝ አይጨምርም።

ንጽጽሩ ትክክል ነው ብንል እንኳ፣ የዓለም አማካይ ራሱ ምን ዓይነት መለኪያ ነው? በዚያው ሪፖርት ናይጄሪያ 993 ናት፤ በዓለም በዓመት ከሚሞቱት 260 ሺህ ገደማ እናቶች ከሩብ በላይ የሚሆኑት የእሷ ናቸው። በሌላው ጫፍ ቁጥራቸው ከ10 የማይዘል ብዙ የአውሮፓ ሀገራት አሉ። 197 የሁለቱ ድምር ውጤት እንጂ ማንም ሀገር ደህና ነው ብሎ ያስቀመጠው ግብ አይደለም። ዓለም የተስማማበት ግብ በ2030 ከ70 በታች መውረድ ነው። በዓመት ወደ 4 ሚሊዮን ሕፃናት በሚወለዱባት ኢትዮጵያ 195 ማለት 8 ሺህ ያህል እናቶች ናቸው።

እነዚህ 8 ሺህ እናቶች እነማን ናቸው ብሎ መጠየቅ ደግሞ ከንጽጽሩ ይቀድማል። የእናቶች ሞት ቅኝትና ምላሽ የሚባለው አሠራር ከ2013 ጀምሮ አለ፤ እያንዳንዷ የሞተች እናት በምን ምክንያት፣ በየትኛው መዘግየት እንደሞተች ተመርምሮ እንዲመዘገብ። ተመዝግቦ የሚመረመረው ግን ከሚገመተው ሞት ጥቂቱ ብቻ ነው። በመንገድ ላይ፣ በቃሬዛ ላይ የሞተች ሴት የየትኛውም ተቋም ሟች አይደለችም። ማካፈያውም እንዲሁ ነው። የደቡብ ጎንደር ሕዝብ መጨረሻ የተቆጠረው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን 2,051,738 ነበር፤ በየወረዳው በዓመት ስንት ወሊድ ይጠበቃል የሚለው ዕቅድ እስከ ዛሬ የሚነሳው ከዚያ ቆጠራ ትንበያ ነው። ሟቿም ወላዷም በቅጡ ካልተቆጠሩ የወረዳው አፈጻጸም ከምን ጋር ይወዳደራል? የሞተችውን መመዝገብ ከንጽጽር ይልቅ ርካሽ ነው፤ መዝገብ፣ ቀበሌ ድረስ የሚሄድ ሰው፣ የጻፈውን ሰው የማይቀጣ አለቃ ይበቃዋል። የመጨረሻው ከሁሉ ይከብዳል። ሞት ሲቀንስ የሚመሰገን ኃላፊ ባለበት ቦታ፣ ሞት መዝግቦ የሚልክ ጤና ጣቢያ የሚጠየቀው ለምን ሞተች ተብሎ ሳይሆን ለምን ጻፍክ ተብሎ ከሆነ፣ መዝገቡ ባዶ መሆኑ አይገርምም።

ቤት ለቤት የሚደረገው ጥናት ይህን ያጠራዋል የሚሉ አሉ። እኔም እንዲያ ብዬ ማሰብ እወዳለሁ። ጥናቱን ለዓመታት ይደግፍ የነበረው የአሜሪካ ፕሮግራም በ2025 መጀመሪያ መቋረጡን ወደ ጎን እንተወውና፣ ጠያቂዎቹ ሲወጡ ወደ የትኞቹ ቀበሌዎች ይደርሳሉ? በጸጥታ ምክንያት መግባት ያልተቻለበት ቀበሌ ከናሙናው ሊወጣ ይችላል፤ ብዙ እናቶች የሞቱበት ቀበሌም ያው መግባት ያልተቻለበት ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ ቀጣዩ ቁጥር ከ195ም ዝቅ ብሎ ሊመጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ የትኛው ቅናሽ የዳኑ እናቶች፣ የትኛው ያልተጠየቁ እህቶች እንደሆነ በምን እንለየዋለን?