ከገመዱ ወዲህ፣ ከበሩ ወዲያ

ሐጅ በተቃረበ ቁጥር መካ ላይ የካዕባ ልብስ፣ ኪስዋው፣ ከታች በኩል ሦስት ሜትር ያህል ወደ ላይ ይሰበሰባል። የተገለጠው ክፍል በነጭ ጨርቅ ይሸፈናል። ይህ የሚደረገው በሕዝቡ ብዛት እንዳይጎዳ፣ ለበረከት ብሎ ቆርጦ የሚወስድም እንዳይኖር ነው። በፍቅር የተዘረጋ እጅም ያበላሻል።

በሙዚየም ሥዕል ፊት የምታዩት ገመድም ሥራው ይኸው ነው። ሥዕል እየተሳለመ ላደገ ሰው ራቅ ብሎ መቆም ንቀት ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን የጣት ላብና ቅባት ቀለምን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ለንደን ውስጥ በቫን ጎግ «የሱፍ አበቦች» ላይ ሾርባ ሲደፋ ሥዕሉን ያተረፈው መስታወቱ ነው። በ2025 ደግሞ ሮተርዳም ላይ አንድ ሕፃን የሮትኮን ሥዕል ጭሮታል።

የመጨረሻው ወሬ እናንተን ይመለከታል። የአሠሪዎቻችሁን ልጆች ይዛችሁ ስትገቡ ልጁ ገመዱን ቢያልፍ ቀድማ የምትጠራው ሞግዚቷ ናት። ጅዳ ላይ ደግሞ ደንቡ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በ2024 በተከፈተው ቲምላብ ቦርደርለስ የብርሃን ሥዕሎቹ በእጅ ሲነኩ ይለዋወጣሉ፤ ሌላ ቦታ ያው ልጅ ያንኑ ቢያደርግ ጥፋት ነው። ስለዚህ በር ላይ ጽሑፉን አንብቡ፦ «ማምኑዕ አል-ለምስ» መንካት ክልክል ነው፤ «ማምኑዕ አት-ተስዊር» ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው ማለት ነው። ከተጠራጠራችሁ ጠባቂውን «ሙምኪን አቅተሪብ?»፣ ልጠጋ ይቻላል? በሉት።

ሁሉም ርቀት ግን በገመድ የሚለካ አይደለም። በ2025 ከጥር እስከ ግንቦት በጅዳ አውሮፕላን ማረፊያ የሐጅ ተርሚናል በተካሄደው የእስልምና ጥበባት ቢየናሌ፣ ሙሉው ኪስዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመካ ውጭ ለሕዝብ ታይቷል። መግቢያው በነፃ ነበር። መካ መግባት ለማይፈቀድላችሁ ክርስቲያን እህቶች፣ ጥልፉን ቆሞ ለማየት ያ ብርቅ ዕድል ነበር። ጅዳ እየኖሩ ያላዩት ብዙዎች ናቸው፤ ያገዳቸው ገመድ ሳይሆን የቤቱ በር ነው።

ከጥቅምት 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የቤት ሠራተኞች ደንብ በሳምንት ከ24 ተከታታይ ሰዓት ያላነሰ፣ ደመወዝ የማይቆረጥበት ዕረፍት ይሰጣችኋል። ቀኑን ከአሠሪያችሁ ጋር ቁርጥ አድርጋችሁ ተነጋገሩ። ሙዚየም ባትሄዱበትም ቀኑ የእናንተ ነው።